የሥራ ቀን ደመና

ድሬዳዋ ፀሐይ ያንሳታል ብሎ የሚጽፍ ሰው ድሬን ረግጦ የማያውቅ ነው ትሉ ይሆናል። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ዱኒያ። ተወልጄ ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከድሬ ወጣ ብላ ባለችው በጀልዴሳ ቀበሌ ጉድጓድ ላይ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ሊተከል ታሰበና ፀሐይዋ ትበቃ እንደሆነ እንዳሰላ ታዘዝኩ። የመሥሪያ ቤታችን የፀሐይ ጨረር መለኪያ ከተበላሸ ከርሟል። ግን መላ አለው፤ የቀኑን ሙቀት ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ጋር ማስተያየት ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል። ደመና ግን እንደ ጋቢ ነው፤ ቀን ፀሐይን ይከልላል፣ ማታ ሙቀቱን አቅፎ ያሳድራል። ልዩነቱ ሲሰፋ ፀሐይ ነበረ፣ ሲጠብ ደመና ነበረ ማለት ነው። ጀልዴሳ ቴርሞሜትር ስለሌላት፣ እኛ ግቢ በቆመ ነጭ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ያለው ቴርሞሜትር በየቀኑ የመዘገበውን ወሰድኩ። ኮምፒውተሩ አሰላና ፀሐይዋ አትበቃም አለኝ። እኔም እንዳለ ጻፍኩት።

የጀልዴሳ ሴቶች የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አዴ ኒምኮ መልሱን ልትሰማ ስትመጣ እያፈርኩ ነገርኳት። የምቀልድ መስሏት ሳቀች። እንደማልቀልድ ስታውቅ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ የከሰለ ግንባሯን አሳየችኝ።

«አቦ ዱኒያ፣ ይሄን ማን አቃጠለው? ጨረቃ ናት?»

ሐሙስ በሚደረገው ስብሰባ ፓምፑ ለሌላ ቀበሌ ሊሰጥ ነው። ያ ከሆነ የጀልዴሳ ሴቶች ጄሪካን ተሸክመው መንከራተታቸውን ይቀጥላሉ። አንጀቴን በላችኝ። በራሴም ተናደድኩ።

ቁጥሮቹን እንደገና ዘርግቼ አየኋቸው። ደመናው ሰኞ ይመጣል፣ ዓርብ ይሄዳል። ቅዳሜና እሁድ ሰማዩ ወለል ብሎ ይውላል። በዓልም ያከብራል። በዕድሜዬ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ደመና አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ሳጥኑን ከፈትኩት። ከቴርሞሜትሩ ሥር በኮባና በእርጥብ ፎጣ የተጠቀለለ ጫት እንደ ሕፃን ተኝቷል። እውነትም በዚያ ሐሩር ጫት እንዳይጠወልግ ከዚያ ሳጥን የተሻለ ቦታ የለም፤ ጥላ ነው፣ ነፋስም ያስገባል። ፎጣው ደግሞ ጫቱን ሲያቀዘቅዝ ቴርሞሜትሩንም አብሮ ያቀዘቅዛል፤ የቀኑ ሙቀት ዝቅ ብሎ ከሌሊቱ ጋር ሲቀራረብ ኮምፒውተሩ ደመና ነው ይላል። እኔ ሞኟ ለካ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አድርጌ ጥፋቱን ፀሐይዋ ላይ ጭኛለሁ።

ሳጥኑን ዘግቼ መስኮቴ ጋ ጠበቅሁ። ሥራ መውጫ ላይ ግራ ቀኝ እያዩ መጥተው ጥቅሉን ኮታቸው ሥር የሸጎጡት አለቃዬ ኢንጂነር ክፍሉ ናቸው። በሩ ላይ የተለጠፈውን «ጫት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ የፈረሙትም እሳቸው ናቸው።

ሐሙስ ዕለት ጫት የምትል ቃል ከአፌ አልወጣችም። ስለ ደመናው ጠባይ ብቻ አወራሁ፤ የሥራ ቀን እንደሚያከብር፣ ቅዳሜና እሁድ እንደሚያርፍ።

«ባለፈው ወር ኢንጂነር ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄዱ ደመናውም ሄደ» አልኩ። «ሲመለሱ ተመለሰ።»

ሰዉ ሳቀ። ኢንጂነር አልሳቁም። ሳጥኑ ተበላሽቶ ይሆናል አሉ። እኔም እሱን ጠርጥሬ ነው፣ አሁኑኑ ወርደን ሁላችንም እንየው አልኩ። ኮሚቴዋን ወክላ የተገኘችው አዴ ኒምኮ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች።

«አያስፈልግም» አሉ ኢንጂነር፣ ላባቸውን እየጠረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዱኒያ፣ እኔ የሌለሁበትን ቀን ብቻ ይዘሽ አስዪ።»

አሰላሁ። ፀሐይዋ በቅታ ተረፈች። ፓምፑም ጀልዴሳ ተተከለ። የዚያን ቀን ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ውሃው በወጣ ሰሞን አዴ ኒምኮ አንድ ጄሪካን ሞልታ ቢሮ መጣች። የሳጥኑን ነገር ማን እንደነገራት እኔን አትጠይቁኝ። ሠራተኛው ሁሉ እያየ ጄሪካኑን ኢንጂነሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ክፍሉ፣ ይሄ ለጫትህ ማርጠቢያ ነው» አለች። «ፀሐያችንን ግን አትንካብን።»