የባንክ ሠራተኛ የመሰሉት ጦጣዎች

አጎቴ ፀጉር አስተካካይ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት በያዘች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሞ ሠርቷል። ውሎ አድሮ ሙያው ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሌላው ሰው ሲተዋወቅ ፊት ያያል፤ እሱ አናት ያያል። ሐኪም ቤት ተራ ስንጠብቅ እንኳን ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው ማጅራት አይቶ «ይኼን ምስኪን ማን ነው እንዲህ የበደለው?» ብሎ በሹክሹክታ ጠይቆኛል።

ሚስቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። አንድ ቀን ምሳ ላይ ዳቦውን በሁለት ጣቱ ይዞ ጠርዝ ጠርዙን በመቀስ ሲያስተካክል አየችው። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«በቃ» አለች። «ፀጉሩን የሚስተካከል ሰው የሌለበት ቦታ እወስድሃለሁ። ሦስት ቀን።»

ቦታው የዝናብ ደን ያለበት ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። መኪና ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ሹፌሯም እኔው ሆንኩ። ልንነሳ ስንል እትዬ የአጎቴን ሻንጣ በረበረች፤ ከካልሲ ውስጥ መቀስ፣ ከጃንጥላው እጥፋት ምላጭ አወጣች። አጎቴ ነገሩ እንደማይመለከተው ሰው ደመና ያይ ነበር።

የፓርኩ በር ላይ አሥራ አራት ክልከላ የተጻፈበት ሰሌዳ ቆሟል። ቅጠል መቀንጠስ፣ መጮህ፣ እንስሳትን መመገብ፣ እንስሳትን በእጅ መንካት ክልክል ነው ይላል። አስጎብኚያችን፣ ቀጠን ያለ ጭምት ሰው፣ ሁሉንም አነበበልን። አጎቴ አንዱንም አልሰማም። የሰውየው ፀጉር በግራ በኩል ከቀኙ ሁለት ጣት ይረዝም ነበር፤ አጎቴ እሱን እያየ ጥርሱን እንደሚያመው ሰው ጉንጩን ይዟል።

«ዝም በል» አለችው እትዬ።

«ምን አልኩ?»

«ልትል ነው።»

ገባን። ዛፎቹ ከላይ ተገጣጥመው ሰማዩን ደፍነውታል። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ቅጠሎቹ ግን ወሬው ገና ያልደረሳቸው ይመስል ያንጠባጥባሉ። ግንዱ ሁሉ አረንጓዴ ፂም አብቅሏል። አጎቴ እጆቹን ኋላው አጣምሮ፣ ፂሙን ላለማየት መሬት መሬት እያየ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ክዳን ብቻ ያላት ማረፊያ ደረስን። እትዬ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚው ላይ ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። አስጎብኚው ውኃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወረደ። ጦጣው የመጣው ያን ጊዜ ነው።

ትልቅ ወንድ ጦጣ ነው። የግንባሩ ፀጉር ዓይኑን ስለሸፈነው የማረፊያውን ምሰሶ ገጨ። ወደ ኋላ አለና እንደገና ገጨው። ከዚያ አጎቴ ፊት ያለው ጉቶ ላይ ወጥቶ ተቀመጠና አንገቱን ደፋ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ደንበኛ ነው።»

«ጋሼ፣ ተው።»

«ዓይኑን ብቻ። እንዲያይ።»

መቀስ ከእትዬ የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥን አወጣ፤ ፋሻ መቁረጫ ብላ ያመጣችውን። ማበጠሪያውም የእሷው ነው። ፎጣዬን ከአንገቴ ላይ አንስቶ ለጦጣው አለበሰውና ጀመረ። ጦጣው ዓይኑን ጨፈነ። ሲያልቅ ውኃ ያቆረ ጉድጓድ ላይ ጎንበስ ብሎ መልኩን አየ፣ ግራና ቀኝ ዞር ዞር አለና ሄደ።

«አልወደደውም መሰለኝ» አለ አጎቴ ቅር ብሎት።

ወዶታል። ቤተ ዘመዱን ይዞ ተመለሰ።

አስጎብኚው ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲመጣ ስምንቱ ተስተካክለው ነበር፤ የቀሩት ከጉቶው እስከ መንገዱ ተሰልፈዋል። ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«አባቴ፣ እንስሳ በእጅ መንካት ክልክል ነው።»

«በእጄ መቼ ነካሁ? በማበጠሪያ ነው።»

አስጎብኚው የደንቡን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበው። ስለ ማበጠሪያ የሚል የለም። አጥፎ መለሰውና የግራ ፀጉሩን ዳሰስ አደረገ። ትንሽ ቆይቶ ሰልፉ መሃል ሊገባ ሲል አንዲት ልጅ ያዘለች ጦጣ ጥርሷን አሳየችው። መጨረሻ ሄዶ ቆመ።

አሥራ ዘጠነኛው ሲያልቅ ተመራማሪዋ ደረሰች። ስድስት ዓመት እዚያ ደን ውስጥ ድንኳን ተክላ ጦጣዎቹን የምታጠና ሴት ናት። ጦጣዎቹን አየች። ደብተሯን ገለጠች። እንደገና ጦጣዎቹን አየች።

«ጎፈሬው የታለ?» አለች ቀስ ብላ። «ቁንጮዋስ?»

አጎቴ የሚችለው አንድ ቁርጥ ብቻ ነው፤ በጆሮ ዙሪያ የጠራ፣ ከላይ ትንሽ የተረፈ፣ የባንክ ሠራተኞች የሚወዱት። አሥራ ዘጠኙም ጦጣዎች የባንክ ሠራተኛ መስለው ተቀምጠዋል።

«የምለያቸው በፀጉራቸው ነበር» አለችና ጉቶው ላይ ተቀመጠች። አጎቴ ከልማድ የተነሳ ፎጣውን አለበሳት።

ይኼኔ እትዬ ነቃች። ሰልፉን፣ መሬት ላይ የተከመረውን ፀጉር፣ ከዚያ ባሏን አየች። ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ስንት አደረስክ?» አለችው።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«መዝግበሃል?»

«ፀጉር አስተካካይ ምን ይመዘግባል?»

አጎቴ እንደ ማፈር ብሎ ወደ ተመራማሪዋ ጠጋ አለ። «እኔ ሰው በመልክ አላውቅም፣ የኔ ልጅ። አንዴ የሠራሁት አናት ግን አይጠፋኝም። ያ ቀንበጥ የሚበላው አናቱ ላይ ሁለት የፀጉር ሽክርክሪት አለው። መጀመሪያ የመጣው እሱ ነው፤ ፀጉሩ ዓይኑን ጋርዶት ነበር።»

ተመራማሪዋ ቀና አለች። «ጎፈሬው» አለች።

«ያቺ ደግሞ ከግራ ጆሮዋ ኋላ ጠባሳ አላት። ፀጉሯ መሃል ለመሃል ቆሞ ነበር።»

«ቁንጮዋ።»

እትዬ በባዶ እግሯ መጥታ ደብተሩን ተቀበለቻት። ስትገልጠው ፊቷ ተለወጠ። «ይኼ መዝገብ አይባልም» አለች። «ተራ ቁጥር እንኳን የለው። እናት፣ አባት፣ ልዩ ምልክት፣ የታለ ዓምዱ?» ከቦርሳዋ ማስመሪያ አወጣች። አጎቴ ማስመሪያውን አይቶ ወደ እኔ ዞረ። የእሷን ቦርሳ የበረበረ አልነበረም።

የቀረን ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። እሱ አናት አይቶ ይናገራል፣ ተመራማሪዋ ስም ትጠራለች፣ እትዬ ትጽፋለች። ያለ ተራው የመጣ ጦጣ ካለ «ቆይ፣ ስምህ ሲጠራ» ትለዋለች፤ ይቆያል። አገር ያወራለትን ፏፏቴ እኔ ብቻዬን አየሁት። ጥሩ ነው። አስጎብኚው በሦስተኛው ቀን ተራው ደርሶት ተስተካከለ። እትዬ ቁጥር ሃያ ብላ ከመዘገበችው በኋላ በቀይ ሰረዘችው፤ እሱም ቢሆን ብዙ አስባበት ነው።

ከተመለስን ከወር በኋላ ከፓርኩ ደብዳቤ መጣ። አጎቴ ክስ መስሎት ሦስት ቀን ሳይከፍተው አቆየው። የተጻፈው ግን ለእትዬ ነበር። የወፎቹም መዝገብ የተዘበራረቀ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጥተው ቢያዩልን ይላል።

«እኔስ?» አለ አጎቴ።

«ወፍ ፀጉር የለውም።»

«ላባ አለው እኮ።»

«ላባ አትነካም።»

አብረው ሄዱ። እሷ መሰላል ላይ ወጥታ የወፍ ጎጆ ውስጥ ያሉትን ትመዘግባለች፤ እሱ ከታች መሰላሉን ይይዛል። ደውዬ እንዴት ነው አልኩት።

«ይኼን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር» አለኝ፣ «እንዲህ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።»

ወዲያው እትዬ ከላይ ስትጠራው ሰማሁ፤ መሰላሉን ወደሚቀጥለው ዛፍ እንዲያዞርላት። ስልኩን ሳይዘጋው ሄደ።