ሽርጉዴ የሞተችበት ካርድ

ሰው ሁሉ «የአይጦቹ እናት» ይላታል። ሥራዋ የቤተ ሙከራውን አይጦች መመገብ፣ ሳጥናቸውን ማጽዳት፣ የሞተችውን ካርድ ላይ መመዝገብ ነው። ለአይጥ ስም አይወጣም፤ ካወጡ በኋላ ጣጣ ነው! እሷ ግን ለአንዷ አወጣችላት፤ ሽርጉዴ። ሰጋቱራዋን ከጥግ ጥግ ስታመላልስ የምትውል፣ እጅ ስታይ ሮጣ መዳፍ ላይ የምትወጣ ጉደኛ ነበረች።

ዶክተሯ የሰው ዘረመል የገባባቸውን እነዚህን አይጦች ስትከትብ ሦስት ዓመቷ ነው። በክትባቱ ደም ውስጥ የሚፈጠረው መከላከያ፣ አንቲቦዲ፣ ድሮም የሚያውቀው ባዕድ ነገርን አንቆ መያዝ ነው። እሷ የፈለገችው ይዞ የሚቆርጥ፣ የተባይ ማጥፊያ መርዝን ደም ውስጥ ሰባብሮ የሚጥል ነው። ይህን መርዝ የአይጦቹ እናት ከቤቷ ታውቀዋለች። ባሏ እርሻ ላይ ሲረጭ ኖሮ፣ ይኸው ዛሬ እጁ ብርጭቆ አይዝም።

ደሟ ተመርምሮ የተመረጠች አይጥ አንቲቦዲውን የሚሠሩት ሴሎች ያሉበት ጣፊያዋ ይወጣል፤ በዚያው ትሞታለች። ስለዚህ የአይጦቹ እናት የደም ምርመራው ውጤት ሳይመጣ ካርዱ ላይ «ሞተች» ብላ ጻፈችና ሽርጉዴን ለመራቢያ ብቻ ከተለዩት አይጦች ጋር ደበቀቻት።

ሰኞ ጠዋት ዶክተሯ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«እትዬ፣ ከአራት መቶው አይጥ መርዙን የቆረጠችው አንዷ ብቻ ናት። እሷም ሞታለች! ምን ዓይነት ዕድለ ቢስ ነኝ?»

የአይጦቹ እናት ብትናገር ሽርጉዴም ሥራዋም ይሄዳሉ። ዝም እንዳትል የባሏ እጅ ድቅን አለባት። ለእሱስ አይደርስለትም፤ ነገ ለሚረጩት ግን ይደርሳል።

«ልጄ፣ ዋሽቻለሁ። አልሞተችም።»

«እንዴት እንዲህ ይሠሩኛል!» ብላ ጮኸች ዶክተሯ። ወዲያው ደግሞ አቅፋት አለቀሰች። «በሉ፣ ካርዱን ራስዎ ያርሙት። ማደንዘዣውን ስሰጣት ደግሞ ቢወጡ ይሻላል።»

«አልወጣም። የማታውቀው እጅ ላይ አትተኛም።»

ሽርጉዴ እንደ ልማዷ ሮጣ መዳፏ ላይ ወጣች።

ቤት ስትገባ ሁሉንም ለባሏ ነገረችው፤ እያለቀሰች።

«ማን ያዛት?» አላት።

«እኔ።»

«እንግዲያው አልፈራችም» አለና የሚንቀጠቀጥ እጁን መዳፏ ላይ አኖረ። እንደማይረጋ ብታውቅም፣ ጠዋት ሽርጉዴን እንደያዘቻት ቀስ አድርጋ ያዘችው፤ አልለቀቀችውም።