የመፈተኛው ካሴት

«ይቀመጡ እንጂ ጋሼ፤ ገና አሁን መምጣትዎ አይደል?» አለች የልጅቷ እናት።

ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ልብስ ሰፊ ተመልሶ ተቀመጠ። ዓይኑ ጥግ ላይ ወዳለው ጠረጴዛ ይሄድና እሳት እንደነካው ሰው ቶሎ ይመለሳል። ጠረጴዛው ላይ በጸጉር ቤት ፎጣ የተሸፈነ አሮጌ ቴፕ አለ።

ልጅቷ አይታዋለች። ሻይ ማዞሯን ግን ቀጠለች።

ቴፑን የገዛው አባቷ ነው፣ ለልብስ ሰፊው። የሰውየው ሚስት አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ የሚያጫውቷት የወጣትነቷ ካሴቶች ብቻ ናቸው፤ የቤታቸው ቴፕ ደግሞ ካሴት መብላት ጀመረ። አባቷ ጸጉሩን እየቆረጠው፣ «ርካሽም ደህናም የሆነ እኔ እፈልግልሃለሁ» አለው። ካሮጌ ዕቃ ተራ ፈልጎም አገኘ። ግን «ሳልፈትሸው ከቤቴ አይወጣም» አለ። ብዙም ሳይቆይ ልቡ በድንገት ቆመ።

እናቷ ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«ሰውየው አፍ አውጥቶ አይጠይቅም። ነውር ይሆንበታል።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው የአባትሽን ቃል አታስቀሪ። አሁኑኑ ፈትሺውና ይዞት ይሂድ።»

ብርጭቆ የምታጥበው አክስቷ ዞረች። «በለቅሶ ቤት ቴፕ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ምንም ሳይል አድሮ ያውቃል?» አለች እናቷ።

አባቷ ወሬው ከመቀሱ የሚፈጥን ጸጉር አስተካካይ ነበር። ደንበኞቹ «እሱ ዝም ካለ ወይ ታሟል፣ ወይ ቴፕ እየፈተሸ ነው» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሌላው ሰው ዘፈን ከፍቶ ሲያዳምጥ እሱ ባዶ ክፍል ይቀዳል። «ዘፈን የማሽኑን ጉድ ይሸፍናል፤ ዝምታ አይሸፍንም» ይላል። ቤተሰቡን ሁሉ ትንፋሽ አስውጦ ይቀዳና መልሶ ያጫውታል። ሽሽ የሚለው ድምፅ ከበዛ ማሽኑ አይረባም። ካሴቱ ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው፤ አዲሱ ፈተና በአሮጌው ላይ ይቀዳል። ከካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ከተሰበረች ማሽኑ በላዩ ላይ መቅዳት እምቢ ስለሚል፣ ሕጉ «የመፈተኛ ካሴት ጥርሱ አይነካም» ነበር።

የጸጉር መቁረጫው ማሽን ዕድሜ ልኩን ሲጮህበት ኖሮ ግን፣ ጆሮው ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት ተወ። ያን ጊዜ ልጁን ጠራት። እንግዳ ሲመጣ በር ኋላ የምትደበቅ ልጅ ነበረች፤ ዘመድ ሁሉ «ይቺ ልጅ አፏን የት ጥላው መጣች?» ይላል። አባቷ «ተዉአት፤ ይቺ ጆሮ ይዛ ነው የተወለደችው» አለ። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ጆሮዬ» ሆኖ ቀረ። አዳምጣ አንዲት ቃል ትሰጠዋለች፤ «ንጹሕ» ወይም «ያፏጫል»። በዚያች ቃል ተከራክሯት አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ መምህር ጠይቋት ምላሷ ሲተሳሰር፣ አንዲት ቃሏን አምኖ ዕቃ የሚገዛ ሰው ቤት ውስጥ እንዳላት ታስባለች። ከዚያ ትመልሳለች።

ፎጣውን ገለጠች። ካሴቱ ውስጡ ነበር። መቅጃውንና ማጫወቻውን አንድ ላይ ልትጫን ጣቶቿን አሳረፈች፤ ያኔ በካሴት ማስገቢያው መስታወት በኩል ክሩን አየችው። ወደ መጀመሪያው አልተመለሰም። አባቷ ያስደመጠውን ካሴት ሳያጠነጥን አይተወውም። ይሄ እንግዲህ ተቀድቶ ያልተደመጠ ነው።

ጣቷን ከመቅጃው ላይ አነሳች። ወደ ኋላ አጠነጠነችና ማጫወቻውን ብቻ ተጫነች።

ሳሎን ውስጥ ለቀስተኞቹ ይንሾካሾካሉ፤ አንዱ ስለ ሲሚንቶ፣ አንዷ ስለ ጉልበቷ።

«ዝም በሉ እስቲ!» አለ አባቷ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ብርጭቆ ወደ አፉ ያነሳው እንዳነሳ ቀረ። አክስቷ እጇን ሳሙና እንደሞላው ከጓዳ ወጣች።

«ማንን ነው የምትቆጣው? ያለሁት እኔ ብቻ!» አለች እናቷ ከቴፑ ውስጥ፣ እየሳቀች።

«አንቺ ብቻሽን ገበያ ነሽ።»

ከዚያ ዝምታ ሆነ። ወንበር ሲጥ አለ። እስትንፋሱ ተሰማ፤ በአፍንጫው፣ ትንሽ እያፏጨ። ያ ሁሉ ወሬኛ ሰው፣ ዝም ብሎ። ሳሎኑ ውስጥም ማንም ንቅንቅ አላለም፤ ሁሉም እንደታዘዘ ተቀምጧል።

«እኔ እንደሆንኩ አይሰማኝም» አለ አባቷ በመጨረሻ። «ጆሮዬ ስትመጣ ትፍረድ።» ቀጭ አለና አበቃ።

እናቷ በመዳፏ አፏን ሸፍና ትስቃለች፤ ዕንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። «ታዲያ እንዴት ነው?» አለች አክስቷ ዝግ ብላ።

ሁሉም ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ንጹሕ ነው» አለች፣ በር አጠገብ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ እንዲሰማ አድርጋ።

ካሴቱን አውጥታ ቴፑን አስታቀፈችው። «ነይና ከባለቤቴ ጋር አዳምጪልን» አለ ሰውየው።

«እመጣለሁ፣ ጋሼ።»

እሱ ሲወጣ ከመሳቢያው የአባቷን መቀስ አወጣች። መጋጠሚያው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አጭር ጸጉር ተጣብቋል። አባቷ ያደርግ እንደነበረው እፍ አለችበት። ከዚያ በመቀሱ ጫፍ የካሴቱን ጥርስ ቀስ ብላ ሰበረች።