ከጎንዎ ማን ይተኛል?

ሰውየው ታወር ክሬን ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ሁለት ቶን ፌሮ አንስቶ ዐሥረኛ ፎቅ ላይ ኮሽ ሳያደርግ የሚያስቀምጥ እጅ ነበረው። «ቶን» የሚለው ቅጽል ስም የወጣለት ግን ከሚያነሳው ብረት ሳይሆን ከራሱ ክብደት ነው። መቶ ስልሳ አራት ኪሎ ደርሶ ነበር። የክሬኑን መሰላል በየማረፊያው ቆሞ እያለከለከ ሲወጣ ያየው ፎርማን አንድ ቀን ጠራውና፣ «ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ብትወድቅብኝ አንተን ለማውረድ ሌላ ክሬን ልከራይ ነው?» አለው። ሳቁ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። በማግስቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አስገቡት። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሠራተኛ ጓንትና መዶሻ እያስፈረመ ሲሰጥ ከረመ።

ከክሬኑ ርቆ መኖር ስላልቻለ ጨጓራ የሚያሳንሰውን ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ቆረጠ። ከዚያ በፊት ግን የእንቅልፍ ሐኪም ዘንድ ልከውት አንድ ሌሊት እንቅልፉን መረመሩት። ተኝቶ ሳለ በሰዓት ስልሳ አንድ ጊዜ ትንፋሹ እንደሚቋረጥ ነገሩት። አየር እየነፋ ጉሮሮውን ክፍት የሚያደርግ ማሽን፣ ከቱቦና ከማስክ ጋር ተሰጠው። ነርሷ ስታስረክበው፣ «ቢቀንሱም ባይቀንሱም፣ ዶክተሯን ሳያማክሩ እንዳይተዉት» ብላ ደጋግማ ነገረችው።

ለቀዶ ሕክምናው ልጁ ከሌላ ከተማ መጥታ ሦስት ቀን አስታመመችው። ሚስቱ አልመጣችም። ሚስቱ ልጃቸው የመጀመሪያዋን ስትወልድ «ለአንድ ወር ላርሳት» ብላ ከሄደች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። አልተጣሉም፤ ክፉ ቃል አልተለዋወጡም። አንዱ ወር ሦስት ሆነ፣ ከዚያ ሁለተኛ ልጅ መጣ፣ ከዚያ ስለ መመለስ ማውራት ቀረ። እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ስለ ሕፃናቱ ጥርስ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ። ከዚያ «በል እንግዲህ» ትለዋለች፣ «በይ እንግዲህ» ይላታል።

በዓመት ከሁለት ወር ውስጥ ስልሳ ኪሎ ቀነሰ። ሐኪም ባለበት መሰላሉን መውጣት ተፈተነና አለፈ፤ ወደ ካቢኑ ተመለሰ። የሥራ ባልደረቦቹ እያገላበጡ አዩት። «ግማሽህን የት ጣልከው?» ይሉታል። «አሁን ገና ሰው ሆንክ!» ይሉታል። እሱም አብሮ ይስቃል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ይጨንቀው ጀመር። ድሮ ከሁሉም በኋላ የሚነሳው እሱ ነበር፤ ጨዋታውም የሚደምቀው እሱ ሲበላ ነው። አሁን ዐምስት ማንኪያ ሾርባ ሲቀምስ ይሞላል። እጁን የት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል። ሌሎቹ ደግሞ እሱ እያየ መብላቱ ከበዳቸው። ቀስ በቀስ ሾርባውን በፔርሙስ ይዞ ካቢኑ ውስጥ ብቻውን መብላት ለመደ። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም «ና» አላለውም።

ማሽኑም በዚያው ሰሞን ጣጣ አመጣ። ፊቱ ሲከሳ ማስኩ ሰፋው። አየሩ በጉንጩ በኩል እየሾለከ ያፏጫል፣ ዓይኑን ያደርቀዋል። የቀረው ደግሞ ወደ ሆዱ እየገባ፣ ያችን ቡጢ የምታህል ጨጓራውን እንደ ፊኛ ይነፋታል። አንድ ጠዋት ተናደደና ሁሉንም ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቁም ሣጥኑ ላይ ወረወረው። «ስልሳ ኪሎ የቀነሰ ሰው ምን ያንኮራፋዋል?» አለ ጮክ ብሎ። ቤቱ ውስጥ «ታንኮራፋለህ» የሚለው ሰው አልነበረም። የክትትል ቀጠሮውንም መሰላሉን ከተፈተነበት ቀን ጋር ስለተጋጨ ቀድሞውኑ ዘሎት ነበር።

ከወር በኋላ ጠዋት ጠዋት ራሱን ይከብደው ጀመር። ቁልፉን በር ላይ ረስቶ ይወጣል። የልጁን ልጅ ስም ሊጠራ ብሎ ይጠፋዋል። ምግብ አንሶት ነው ብሎ ቪታሚን ገዛ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው ነገሩ የመጣው። ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሆና በሬዲዮ የምትመራው ምልክት ሰጪዋ ናት፤ ዐሥር ዓመት አብረው ሠርተዋል፣ ድምፅ ለድምፅ ይተዋወቃሉ። አንድ እስር ፌሮ ከመንጠቆው ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ እዚያው ፎቅ ላይ እሷና ሌሎች ሰዎች ሊቀበሉት ቆመዋል።

«ቶን፣ ቀስ እያልክ አውርድ።»

ፌሮው ትንሽ ወረደና ቆመ።

«ቁም አላልኩህም፤ አውርድ።»

መልስ የለም።

«ቶን፣ ትሰማኛለህ? ... ቶን! ... ሰዎች፣ ከሥር ውጡ! ውጡ ብያለሁ!»

እሱ የሰማው የመጨረሻውን ጩኸት ነው። ባነነ። እጁ ከመቆጣጠሪያው ላይ ተንሸራቶ ጭኑ ላይ አርፏል። እጁ ሲላቀቅ ክሬኑ በራሱ እንዲቆም ተደርጎ የተሠራ መሆኑ አተረፋቸው። ቆሌው ተገፈፈ። «አለሁ፣ አለሁ» አለ። ፌሮውን አውርዶ አስቀመጠው።

ምሳ ሰዓት ላይ ምልክት ሰጪዋ መሰላሉን ወጥታ ካቢኑ በር ላይ ተቀመጠች። ሄልሜቷን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ተኝተህ ነበር» አለችው።

«ኧረ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።»

«ፀሐይዋ ከኋላህ ነበረች።»

የፔርሙሱን ክዳን መልሶ ገጠመ።

«መልስ እስክትሰጠኝ እስከ አርባ ድረስ ቆጥሬያለሁ» አለች። «ከሥር ስድስት ሰው ነበር። አንደኛዋ እኔ ነኝ። እቤት ሁለት ልጆች አሉኝ።»

«ዐይኔን የጨፈንኩ አልመሰለኝም፣ እህቴ። በእውነት።»

«ይሄ እኮ ነው የሚያስፈራው። ስማ፣ ወይ አንተ ትነግራቸዋለህ፣ ወይ እኔ እነግራቸዋለሁ። ከእኔ አፍ ከወጣ ወሬ አቀባይ እሆናለሁ። ከአንተ ከወጣ ሕመም ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ክሬኑ አልተመለሰም። የሳይቱ መሐንዲስ ዘንድ ገብቶ ከቁም ሣጥኑ ላይ ከተጣለው ማሽን ጀምሮ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። መሐንዲሱ የልጁ እኩያ ነው። አንገቱን ደፍቶ አዳመጠውና፣ «ጋሼ፣ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። የእንቅልፍ ሐኪም ፈርማ እስክትልክልኝ ግን ክሬኑ ላይ አላስወጣዎትም» አለው። ቶን እንደገና ወደ ጓንትና መዶሻው ተመለሰ።

ዶክተሯ ያመለጠውን ቀጠሮ አላነሳችበትም። ቅጹን አወጣችና መጠየቅ ጀመረች።

«አሁን ያንኮራፋሉ?»

«እንጃ።»

«ትንፋሽዎ ሲቋረጥ ያየ ወይም የሰማ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከጎንዎ ማን ይተኛል?»

ጥያቄው ቅጹ ላይ ያለ ተራ ጥያቄ ነው። ለሁሉም ሰው ነው የሚቀርበው። እሱ ግን ጣቶቹን ያይ ጀመር። ዶክተሯ ነገሩ ገባትና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይሄን በሽታ ባለቤቱ አያየውም» አለችው። «ሌላ ሰው ነው የሚያየው። ሰው ከሌለ ደግሞ መሣሪያ። ዛሬ ደረትዎ ላይ የሚታሰር፣ ጣትዎ ላይ የሚሰካ ነገር እሰጥዎታለሁ፤ አንድ ሌሊት ይተኙበት። ድሮ አብሮዎት የነበረ ሰው ካለ ግን ከመቼ ጀምሮ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ይጠይቁልኝ።»

እቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ደወለ።

«ምን ሆንክ?» አለችው ሚስቱ ገና ስታነሳው። «ዛሬ እሑድ አይደለም።»

«ምንም አልሆንኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ... ድሮ ስተኛ፣ ትንፋሼ ይቆም ነበር?»

ከበስተጀርባዋ ሕፃን ያለቅሳል። በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ልቅሶው ራቀ።

«ይቆም ነበር» አለች። «ልጃችን ሁለተኛ ክፍል ከገባችበት ዓመት ጀምሮ። ታንኮራፋና ታንኮራፋና ጭጭ ትላለህ። እኔም አብሬህ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሲብስብኝ በክርኔ ጎንህን እወጋሃለሁ። ትገላበጥና ትቀጥላለህ።»

«ስንት ዓመት?»

«ከሃያ በላይ ነው። ምን እቆጥረዋለሁ?»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ነግሬህ ነበር። ‹አታስተኚኝም እንዴ፣ አንቺ ሴት› አልከኝ። ሌላ ጊዜም ነገርኩህ፤ ‹ነገር ታበዢያለሽ› አልከኝ። ከዚያ መናገሩን ተውኩና መውጋቱን ቀጠልኩ።»

ጎኑ ሲወጋ ተበሳጭቶ የተነሳባቸው ጠዋቶች ትዝ አሉት። ክርኗን እንደ ጭቅጭቅ ነበር የቆጠረው።

«እዚህ ስመጣ» አለች፣ «መጀመሪያ ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ስተኛ ለራሴም ገረመኝ። ከዚያ ደግሞ አንተን የሚቀሰቅስህ ማን እንደሆነ ሳስበው እንቅልፌ ይጠፋ ነበር። ልደውልልህ እልና... ምን ብዬ ልደውል? ‹እየተነፈስክ ነው?› ልበል?»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

የምርመራው ውጤት ሃያ ሦስት ሆነ፤ በሰዓት ሃያ ሦስት ጊዜ። ሰውየው ተናደደ። «ዶክተር፣ ታዲያ እኔ ለምን ተቆረጥኩ? ለምን ተራብኩ?»

«ከስልሳ አንድ ነው የወረዱት እኮ» አለችው። «የደም ግፊትዎ ተስተካክሏል፣ ስኳርዎ ወርዷል። ያ የእርስዎ ሥራ ነው። የቀረው የጉሮሮዎ አፈጣጠርና ዕድሜ ነው፤ በረሃብ አይሄድም። የአየሩ ግፊት ግን ለድሮው ሰውነትዎ የተለካ ስለነበር ነው ያሠቃየዎት።»

ግፊቱን በግማሽ ያህል ዝቅ አደረገችው። ነርሷ ሦስት ማስክ አስለክታው አፍንጫውን ብቻ የሚይዝ ትንሽ መረጠችለት። አላፏጨም፤ ሆዱንም አልነፋውም። ማሽኑ በየጠዋቱ ስንት ሰዓት እንደተኛ በትንሽ መስኮቱ ላይ ይጽፋል። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ የሚነግረው ያ መስኮት ብቻ ስለሆነ፣ ገና ሳይነሳ መነጽሩን አድርጎ ያነበዋል። በሁለተኛው ሳምንት ራሱ ቀለለው። በሁለት ወሩ ዶክተሯ ፈረመችለት፤ ወደ ክሬኑም ወጣ። ምልክት ሰጪዋ በሬዲዮ፣ «ቶን፣ እንዴት አደርክ?» አለችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ ሳይጀመር በየጠዋቱ ትጠይቀዋለች፤ መልሱንም ሳትሰማ መንጠቆ አታስልክም።

ሚስቱ መታወቂያዋን ልታሳድስ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ለአንድ ሌሊት። አንሶላ አጠበ፣ ትራሱን ሁለት አደረገ፣ እንደገና አንዱን አነሳው። አውቶቡስ ተራ ሄዶ ሲጠብቃት ቦርሳዋን እንደያዘች በአጠገቡ አልፋው ሄደች። «አንቺ!» ሲላት ነው የዞረችው። አፏን በእጇ ይዛ አየችው፤ ከዚያ እንደ ሳቅም እንደ ልቅሶም አደረጋት። «በድምፅህ ባላውቅህ ኖሮ እኮ...» አለች።

እቤት ስትገባ ቦርሳዋን ሳሎን አስቀመጠች። እሱም ለሶፋው ብርድ ልብስ አወጣላት።

ጠዋት ሲነሳ ወጥ ቤት ቆማ ሻይ ትጠጣለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ማሽኑ ረበሸሽ?»

«የለም፣ ድምፅም የለው። ፀጥታው ነው። ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ላይ ቆሜ አየሁህ። ደረትህ ከፍ ዝቅ ይላል። ደህና ተኝተሃል።»

«ብትቀሰቅሺኝስ?»

«ምን ብዬ? አላስፈለግኩህም እኮ።»

«ቅሪ» ሊላት ነበር። «ልጆቹ ይጠብቁሻል» ሲል ግን ራሱን ሰማው።

«አዎ» አለች ብርጭቆውን እያጠበች። «ይጠብቁኛል።»

መታወቂያ ቢሮው ጉዳይዋን እስከ ረፋድ ጨረሰላት። ቦርሳዋን ተሸክሞ ዳገቱን አንዴም ሳያርፍ ወጣ፤ እሷም አየችለት። አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት እጇን አነሳች።

የዕረፍት ቀኑ ነበር። እቤት ተመልሶ የማሽኑን ውኃ ደፋ፣ ማስኩን በሳሙና አጥቦ ሰቀለው። ከዚያ ሳሎን ገባ። ብርድ ልብሱን በአራት አጥፋ ሶፋው ጫፍ ላይ ትታዋለች። ወደ ቁም ሣጥኑ ሊመልሰው አነሳውና፣ መሄድ ሲያቅተው እንደታቀፈው ሶፋው ላይ ተቀመጠ።