የፋዮ ሁለት መድኃኒቶች

ሀሲባ አሜሪካ ውስጥ የፋርማሲ ትምህርቷን ሦስተኛ ዓመት ስትጀምር አማካሪ መምህሯ ቢሮው ጠራት። የእንግሊዝኛ አክሰንቷ ሕመምተኞችን ስለሚያስቸግር ከሰው የማያገናኛት የላቦራቶሪ ሥራ ብትመርጥ እንደሚሻላት መከራት። ሱዳን ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ስድስት ዓመት መድኃኒት ስታድል አነጋገርሽ አልገባኝም ያላት ሰው አልነበረም። ምክሩን አልቀበልም አለች።

በፈረንጆቹ 1996 ኅዳር ወር ላይ ሚኒያፖሊስ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ለልምምድ ወጣች። ኃላፊዋ ሃልቨርሰን የሚባል አንጋፋ ፋርማሲስት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፋዮ የሚባሉ ሴት በባላቸው በአቶ ሞሲሳ ትከሻ ተደግፈው ገቡ። ለዓመታት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ከአምስት ሳምንት ወዲህ ደግሞ የቲቢ ክኒን ተጨምሮላቸዋል። አሁን ይንገዳገዳሉ፣ ምላሳቸው ይተሳሰራል፣ ዓይናቸው አንድ ቦታ አይረጋም። ሃልቨርሰን ካርዳቸውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ እንግሊዝኛ ስለማያነቡ ክኒኑን ደራርበው ውጠዋል አለ። አወሳሰዱን በሥዕል አሳይታ እንድትሸኛቸው ሀሲባን አዘዛት።

ሀሲባ ያደገችው ኦሮምኛ በሚነገርበት በከሚሴ ነው። በኦሮምኛ ጠየቀቻቸው። ፋዮ ተቆጡ፤ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ክኒን አዛንፈው እንደማያውቁ ተናግረው ብልቃጦቹን ከቦርሳቸው አወጡ። ሀሲባ ክኒኖቹን ቆጥራ ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ ብታሰላው አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተረፈም። ያኔ ባለፈው ሴሚስተር የተማረችው ትዝ አላት። የቲቢው መድኃኒት ጉበት የሚጥል በሽታውን መድኃኒት ቶሎ እንዳያስወግድ ያደርገዋል፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ያው የተለመደው መጠን እየተጠራቀመ መርዝ ይሆናል።

ይህንኑ ለሃልቨርሰን ነገረችው። እሱ ግን ተማሪ መሆኗን አስታውሶ፣ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ ስለሆነ እንድትሸኛቸው ደግሞ አዘዛት።

«አልሸኛቸውም» አለች ሀሲባ። «ደማቸው ይመርመር። ተሳስቼ ከሆነ ከልምምዱ ያባርሩኝ። እኚህ ሴት ደረጃ ላይ ወድቀው ቢሞቱ ግን፣ እንግሊዝኛ ስለማያውቁ ነው ብለው እንዲጽፉ አልፈቅድልዎትም።»

ሃልቨርሰን ፊቱ ቀላ። ሀሲባ ወንበር ስባ ፋዮ አጠገብ ተቀመጠች። ጭቅጭቁን የሰማች የክሊኒኩ ሐኪም ከክፍሏ ወጥታ ነገሩን ጠየቀች፤ ከዚያም ደም እንዲቀዳ አዘዘች።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። በፋዮ ደም ውስጥ ያለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሚገባው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ መጠኑን ቀነሰችላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለክትትል ሲመጡ ብቻቸውን በአውቶቡስ ነበር የመጡት።

ሃልቨርሰን ይቅርታ አልጠየቀም። በወሩ መጨረሻ ግምገማዋ ላይ «ዕውቀቷ ጥሩ ነው፤ ከተማሪ ወሰን ግን ታልፋለች» ብሎ ጽፎ «ሲ» የሚል ውጤት ሰጣት። የክፍል ጓደኛዋ ሊዲያ፣ ዝም ብላ እንድትተወውና ዲግሪዋን ይዛ እንድትወጣ ለመነቻት። ሀሲባ ግን እስክሪብቶ አወጣች። በግምገማው ወረቀት ላይ ለተማሪው አስተያየት በተተወው ክፍት ቦታ «አዎ፣ አልፌያለሁ። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ከመጣ ነገም አልፋለሁ» ብላ ጻፈች። ፈርማበት ወረቀቱን ራሷ ወስዳ ለትምህርት ቤቱ ዲን ጸሐፊ ሰጠች።