ሶደሬ ውስጥ የተወራ የአማካይ ታሪክ

ዶቭራን እስከ አንገቱ ፍል ውሃ ውስጥ ገብቶ በእንፋሎቱ መሀል ሰማዩን ይፈልጋል። ሶደሬ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ናት፤ ሰውን ከነጭንቀቱ ታፈዘዋለች። የእሱ ጭንቀት የቀኝ ጉልበቱ ነው። እሑድ አዳማ ላይ የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አለ፤ ከዚያ ኮንትራቱ ያልቅና አገሩ ቱርክሜኒስታን ይገባል። አሰልጣኙ "ጋሽ ጉርሜሳ ይችላል ካሉ ትሰለፋለህ" ብሎታል። ነገሩ ሁሉ የቡድኑ ወጌሻ የጋሽ ጉርሜሳ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

በሠላሳ አምስት ዓመቱ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እያየው ሜዳ ላይ መሰናበት። እስከዛሬ ከየክለቡ የወጣው በጓሮ በር ነው። አንዱ በስልክ አሰናበተው፤ ሌላው ሻንጣውን ሆቴል በር ላይ አስቀምጦ ጠበቀው። የአማካይ ነገር እንዲህ ነው፤ እሱ ኳሷን ያቀብላል፣ ሌላው ያገባል፣ ሕዝቡም ያገባውን ተሸክሞ ይጨፍራል።

ጋሽ ጉርሜሳ አጠገቡ ውሃው ውስጥ ተቀመጡና ጉልበቱን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"በል እንግዲህ አውራኝ። ከመጀመሪያው ጀምር።"

ዶቭራን ሳቀ። ይህችን ተንኮል ያውቃታል። አምና ጣቱ ወልቆ ሳለ ስለ እናቱ ጠየቁት፤ እሱ በናፍቆት ጭልጥ ሲል ቀጭ አድርገው መለሱለት። ወጌሻ ሲባል እንዲህ ነው፤ ወሬ ያስጀምርሃል፣ ልብህ ሲሄድ ይጎትትሃል።

"ዛሬ አልታለልም ጋሼ" አለ፣ ሁለት ዓመት አዳማ ኖሮ በለቃቀመው አማርኛ።

"ማን ያታልልሃል? አውራ ብቻ።"

አወራ። ማሪ ከምትባለው ከተማቸው ዳር፣ የጥጡ ማሳ አልቆ አሸዋው ከሚጀምርበት ላይ፣ ሐብሐብ ለጎል ቋሚነት ተክለው ይጫወቱ ነበር። ኳስ ቋሚውን ከፈረከሰችው ጨዋታው ይቆምና ቋሚው ይበላል። ለቁርጥማታቸው የመጡት ሰዎች ይህን ሰምተው ሳቁና ጠጋ ጠጋ አሉ። ከወንጂ የመጡት ወይዘሮ ሸዋወርቅማ ፀጉራቸው እንዳይርስ ፌስታል እንዳጠለቁ ጉልበቱ ድረስ መጡ።

እንፋሎቱ ወፈረ። ዶቭራን በውስጡ የአሸዋ ኮረብታ ያየ መሰለው፤ በኮረብታው ላይ አባቱ ትራክተር ይነዳሉ። እሱ ለብሔራዊ ቡድን አንድ ቀን ብቻ፣ ያውም በዝናብ፣ ተቀይሮ ገባ። ያቀበላት ኳስ ጎል ሆነች። ሬድዮው ያገባውን ጠራ፣ እሱን ረሳው። አባቱ ግን ትራክተሩን አጥፍተው ለባዶው ማሳ "ያቺ ኳስ የልጄ ናት" ብለው ተናገሩ። ከዚያ ካዛኪስታን፣ ከዚያ በረዶ፣ ከዚያ ይህ ጉልበት ቷ አለ።

"እኔን!" አለ ውሃው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ።

እያወራ አሁን ይጎትቱኛል፣ አሁን ይጎትቱኛል ይላል። አልጎተቱትም። ማሌዥያን አለፈ፣ አዳማ ደረሰ፤ የአዳማ አቧራ መጀመሪያ ቀን ፊቱን ሲመታው አገሩ የገባ መስሎት ዓይኑን ጨፍኖ እንደቆመ ነገራቸው። ወሬው አለቀ። ዝቅ ብሎ ቢያይ የጋሽ ጉርሜሳ እጆች ጉልበቱ ላይ ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

"ለምን አልጎተቱም?"

"የሚጎተት ነገር የለማ ልጄ። የወለቀ ቢሆን እመልስልህ ነበር፤ ይኼ ግን ጅማቱ አልቋል። እሑድ ከሮጥክበት ዕድሜህን ሙሉ በዱላ መሄድህ ነው።" ድምፃቸው ሰለለ። "እኔ ወሬህን ሳትጨርስ ይህን ልነግርህ አልቻልኩም። እግሩ ያንተ ነው፤ ይችላል በሉልኝ ካልከኝ እልልሃለሁ። አሰልጣኙን ምን ልበለው? ጃባዱ፣ አይዞህ።"

ዶቭራን አለቀሰ። ላቡና እንባው ተቀላቅሎ ወረደ።

ኳስ ጨዋታ አይተው የማያውቁት ወይዘሮ ሸዋወርቅ ናቸው የተናገሩት።

"ታዲያ እሑድ ኳሷን ማን ሊያቀብልልን ነው?"

ዶቭራን ዓመቱን ሙሉ የእሱን ቦታ እየጠበቀ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቁለጨለጭ የከረመውን ገርባን አሰበ። ልጁ እንዲሰለፍ አንድም ቀን ተመኝቶለት አያውቅም፤ ይልቁንም ጉንፋን እንዲይዘው የጸለየበት ሳምንት አለ። ፊቱን በፍል ውሃው ታጠበ።

"ገርባ" አለ በመጨረሻ። "ገርባ ያቀብላል። ግራ እግሩ ከኔ ይሻላል። ጋሼ፣ ለአሰልጣኙ ዶቭራን ገርባን አሰልፈው ብሏል በሉልኝ።"

ወይዘሮ ሸዋወርቅ በረጠበ እጃቸው ማጨብጨብ ጀመሩ። አጠገባቸው ያሉት ተከተሉ፣ ዘግይቶ የገባውና ወሬውን ያልሰማው ሰውዬም ሳይቀር አጨበጨበ። ጋሽ ጉርሜሳ "እንውጣ፣ ሰዓት ሄደ" ብለው ክንዱን ያዙት። ዶቭራን ግን ጭብጨባው እስኪያልቅ ከውሃው አልወጣም።