የሲት ዋጊዳ ነጭ ገመድ

ልጄ ሀላ ባለፈው ዓርብ ወፍራም ጥቁር ኤክስቴንሽን ገዝታ መጣችና «እማዬ፣ አሁንስ ያንን ነጩን ጣይው» አለችኝ። አልጣልኩትም። ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይሰካው ስፒናውን ራሴ ቆርጬ ጥየዋለሁ። ለምን እንደማልጥለው ስንቴ ነገርኳት፣ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ታፈሰዋለች። እስቲ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያገባሁት ሹብራ በሚባለው ሰፈር፣ ተወልጄ ባደግኩበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ያኔ አዳራሽ የሀብታም ነገር ነበር። የእኛ ሰርግ መንገድ ላይ ነው፤ ድንኳን ይዘረጋል፣ ወንበር ይደረደራል፣ መብራቱ ደግሞ ከየጎረቤቱ ይመጣል። የሰርጉ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሁሉ የኤክስቴንሽኑን አንድ ጫፍ ቤቱ ሰክቶ ሌላውን ከመንገድ ነጋዴ ቲማቲም ወደ ፎቅ በሚያስወጣበት ቅርጫት ከመስኮት ያወርዳል። ገመድ ያወረደ ወዳጅ ነው። ያላወረደም ያው ይታወቃል። አቤት ያ ጊዜ፣ ከላይ ሰማዩ ሁሉ ገመድ ይሆን ነበር።

ሲት ዋጊዳ፣ እመት ዋጊዳ እንደማለት ነው፣ ፊት ለፊታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበረች። እናቴ ፋብሪካ ስትውል ያሳደገችኝ እሷ ናት። ፀጉሬን ስትጎነጉን ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ ነበር የምትይዘኝ፤ እንዳልሸሽ። ከሰርጌ ሁለት ዓመት በፊት ለልጇ ለሾቂ ልትጠይቀኝ መጣች። ሾቂ ደግ ልጅ ነው፣ ቀርፋፋነቱ ግን አይጣል ነው። የእናቴ ምላስ ደግሞ አያርፍም፤ «ሾቂ ጫማውን አስሮ እስኪነሳ ልጄ ታረጃለች» አለቻት፣ ፊት ለፊት። ሲት ዋጊዳ ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች፤ በእኛ በኩል ያለውን መስኮቷንም ዘጋችው። ነሐሴ ሹብራ ውስጥ እሳት ነው። ሁለት ነሐሴ አለፈ፣ መስኮቱ አልተከፈተም።

እኔ በሰርጌ ማግስት ከባሌ ጋር ሩቅ፣ አስዋን ልሄድ ነው። ሲት ዋጊዳ እንድትስመኝ ብቻ ነበር የፈለግኩት። ሳትስመኝ ከሄድኩ ነገሩ እንደተቋጠረ እንደሚቀር አውቃለሁ። ለእናቴ ስነግራት «ትምጣ፣ ማን ከለከላት» ትለኛለች። «እኔ ግን አልጠራትም» ማለቷ ነው።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን ኡስታ ባዩሚ ነበሩ። ገመድን በዓይን አይተው ብቻ አያምኑም። እያንዳንዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ውስጥ ያሳልፉታል፤ የተላጠ ወይም በፕላስተር የተጠጋገነ ካገኙ ለባለቤቱ ይመልሳሉ። ተጠምጥሞ የመጣውን በሙሉ ይዘረጋሉ። «እንደተጠመጠመ ከሠራ ራሱን ያበስላል» ይላሉ። እናቴ፣ ገመድ ለእንግዳ ዓይን ያስጠላል ብላ የሳሎን ምንጣፏን ልትደርብበት ስትል ደረሱባት።

«የናድራ እናት፣ ምን እያደረግሽ ነው? ከሥሩ ሲግል ማን ያየዋል? እኔ ከላይ እሰቅለዋለሁ፣ ምንጣፍሽን ወደ ቤትሽ።»

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ያ መስኮት ተከፈተ። ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው። ቅርጫቷ ቀስ እያለች ወረደች። ውስጧ ረጅም ነጭ ገመድ አለ፤ ከጫማ ማሰሪያ ብዙም አይወፍርም።

«ይኸውላችሁ» አለች እናቴ። «ሁለት ዓመት አስባ አስባ ልታቃጥለን ነው። በዚህ ላይ ድምፅ ማጉያ ይሰካል? መልሱላት።»

ኡስታ ባዩሚ ገመዱን በመዳፋቸው አሳለፉት። «አዲስ ነው፤ ዛሬ ነው የገዛችው። ባለሱቁን ረጅም ስጠኝ አለችው፣ ረጅም ሰጣት። ስለ ውፍረት ማን ነገራት?»

«ዓይን የላትም?»

«አንቺስ አሁን ምንጣፍ ስታነጥፊ ዓይንሽ የት ነበር?»

እናቴ ፊቷን አዞረች። «መልሱላት ብያለሁ።»

ቅርጫቷ ከነገመዱ ተመልሳ ከወጣች ያ መስኮት ዳግም እንደማይከፈት መንገዱ ሁሉ ያውቃል። ሙሽራ ዝም ትበል ይባላል፤ እኔ ግን አልቻልኩም። «ኡስታ፣ እባክዎ» አልኩ። እንባዬ ኩሌን ሊያጥበው ምንም አልቀረው።

ሰውየው እኔን አዩኝ፣ ገመዱን አዩት። «ድምፅ ማጉያው ከጎረቤታችሁ ከሐጂው ቤት ከሚመጣው ወፍራም ላይ ይሆናል፤ ትልልቆቹ መብራቶችም እንደዚያው። ይሄ አንድ አምፖል ያለ ጭንቀት ይችላል። አንድ አምፖል እሰጠዋለሁ።»

«የቱን?» አለች እናቴ።

«ከሙሽራዋ ከናድራ ራስ በላይ ያለውን።»

«ከዚህ ሁሉ መብራት የልጄን ፊት የምታበራው እሷ ልትሆን?»

«ካልፈለግሽ እኔም ዕቃዬን ልሰብስብ።»

«በሉ እንዳሻችሁ» አለች እናቴ፣ ጥርሷን ነክሳ።

ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እንደተሰገደ መብራቱ ሁሉ ቦግ አለ። ተቀምጬ ወደ ላይ አየሁ፤ እጄን ላውለበልብላት። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ውስጡ ግን ጨለማ። ቤቷ በሙሉ ጨለማ ነው። እጄን መለስኩት። ገመዷን ሰጥታ ሄዳለች አልኩ፣ አትመጣም።

እናቴም ዓይኔን ተከትላ አየች። «አኩርፋ ተኝታለች» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ከራሴ በላይ ያለውን አምፖል አየች፣ መልሳ መስኮቱን አየች። «መብራት እያላት ለምን ጨለማ ትቀመጣለች?» አለችና ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች መንገዱን ተሻገረች።

ቆየች። ዘፋኙ ሦስት ዘፈን ጨረሰ። ከዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፤ ሲት ዋጊዳ ውኃ የደፉባት ይመስል በላብ ተነክራ፣ እናቴ ዓይኗ ቀልቶ፣ በሌላ እጇ በረዶው የቀለጠ ሥጋ በትሪ ይዛ።

ለካ ሲት ዋጊዳ ሰርጉ በሙሉ በእሷ መብራት የሚሠራ መስሏታል። ቆጣሪዋ አሮጌ ነው፣ ፊውዙ ቶሎ ይቃጠላል። እናም ገመዱን ካወረደች ጀምሮ ፍሪጁን ነቅላ፣ ቬንትሌተሩን ነቅላ፣ የቤቷን አምፖል ሁሉ አጥፍታ፣ መለዋወጫ ፊውዝ በእጇ ጨብጣ ቆጣሪው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «አንቺ ሴትዮ፣ የሰጠንሽ እኮ አንድ አምፖል ነው» አለቻት።

«አንድም ቢሆን ይጥፋባት?» አለች ሲት ዋጊዳ።

እናቴ እዚያው ጨለማው ውስጥ አለቀሰች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ከስንት ዓመት በኋላ።

ሲት ዋጊዳ ሁለቱንም ጉንጮቼን እየሳመች በላብ አራሰችኝ። «ሾቂ ጫማውን እያሰረ ነው፣ ይመጣል» አለች ጮክ ብላ፣ እናቴ እንድትሰማ። እናቴ ከሁሉም በላይ ሳቀች። ሥጋው እንዳይበላሽ እዚያው ተጠበሰና እንግዳው በላው። በማግስቱ ስሄድ ሲት ዋጊዳ ገመዱን ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችው፤ የራስጌ መብራቴን ስንት ዓመት አበራልኝ።

እናቴም ሲት ዋጊዳም አሁን የሉም። ያ መንገድም ገመድ አያወርድም። ባለፈው ነሐሴ ሀላ ሳትኖር አንድ ነገር ሞከርኩ። መግሪብ ላይ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ ቬንትሌተሩን ነቀልኩ፣ አምፖሉን ሁሉ አጥፍቼ ቆጣሪው ሥር ተቀመጥኩ። ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሎኝ የምሽቱ የኢሻ ሰላት ሳይደርስ ተነስቼ ሁሉንም መለስኩት። ሲት ዋጊዳ ግን ከዐስር ሰላት ጀምሮ ነበር የተቀመጠችው።